የሌሊት ወፍ ቆጠራ

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ። አሥራ አራት ዓመት
ከመድረኩ ማዶ፣ ቁልፎች ፊት ቆሜ፣
የአራት ሰው ጩኸት ሳስማማ፣ ሳስታርቅ
እዚያው ተጋመሰ የተሰጠኝ ዕድሜ።

ድራሆሚራን የማውቃት ከዚያ ነው።
ማታ፣ ብርኖ ከተማ፣ ቢራ ፋብሪካ የነበረ አዳራሽ፣
ላብ ከጣራው ሲወርድ፣ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ሲገፋ፣
ጊታሯን ደረቷ ላይ አስጩኻ አስጩኻ፣
ሰው ሁሉ እንቅልፉን ከዓይኑ ላይ ሲደፋ።

ሲነጋ ዋሻ ናት።
ከከተማው በስተሰሜን፣ ከኖራ ድንጋዩ ሆድ፣
ጭቃ በቦት ጫማዋ፣ መብራት በግንባሯ፣
ክንፋቸውን ደርበው ከጣራ የተንጠለጠሉ
ያንቀላፉ ነፍሶች ናቸው የሷ ሥራ።
አንዲቱ ብትባንን የብርዱ ወር ስንቋ ያልቃል፣
እስከ ጸደይ አትደርስም።
እና ያቺ፣ ማታ ስድስት መቶ ሰው የቀሰቀሰች፣
እዚህ ጮክ ብላ አትተነፍስም።

ፕሮፌሰር ስኮውፒል፣ መነጽሩን እየወለወለ፣
«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለ።
ከበሮ መቺው ቭላስቲሚል ደግሞ፣
ከሃምቡርግ የመጣውን ውል፣ የስድሳ ከተማውን ጉዞ፣
«ሰኔ ላይ እናቶቹ ይወልዳሉ፣ አልችልም» ብላ ስታስቀረው፣
በዱላው ጭኑን እየመታ፣
«ከአይጥም ከወፍም ያልሆንሽ!» አላት።
ሳቀች።
«የሰደብከኝ መስሎህ በማዕረጌ ጠራኸኝ።
ደግሞስ እሷ መቼ ዛፍ ትወጣለች?
በሁለት እግሯ ጨብጣ
ዓለምን ቁልቁል ታያለች።»

እንዲህ ኖረች።
የዶክትሬት ጽሑፏ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤
ግማሹ የተጻፈው መኪና ውስጥ ነው፣
ከኦስትራቫ ካቶቪትሰ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ ተደግፎ።
አንድ ተማሪ የፈተና ወረቀቱ ላይ ፊርማዋን ለመናት፤
ፈረመችለት።
ፈተናውን ግን ወድቋል።
አልበሙ ሲቸበቸብ የመጽሔት ሰዎች ፎቶ ሊያነሷት መጡ፤
በየፎቶው እጇ ኪሷ ውስጥ ነው፣
ኩራት ነው አሉ፣ የሮክ ሰው ወግ።
ጥፍሯ ሥር የዋሻ ጭቃ ስለነበረ ነው።

እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ግን አለ።
በየዓመቱ፣ ከትርዒት በፊት ድምፅ ስንፈትሽ፣
«ቀጭኑን ትንሽ ጨምርልኝ፣ ኦታካር» ትለኛለች።
ጨመርኩ። ዘንድሮም ጨመርኩ።
ቁልፉ ዳር ደርሷል፤ የኔን ጥርስ የሚበሳው
ለሷ ገና ጉም ነው።
አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ነሐሴ ላይ፣ ከአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር፣
የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰው ጆሮ የሚያወርድ
ትንሽ ሣጥን አስያዘችኝ።
የሌሊት ወፎቹ ለአደን ሲወጡ
ሣጥኗ እንደ ፈላ ውሃ ተንተከተከች።
«ይኼንን» አለች፣ ወደኔ ሳትዞር፣
«በባዶ ጆሮው የሰማ ሰው የለም።
ከመጀመሪያውም ደንቆሮ ነበርን፣ ሁላችንም፤
እኔ ትንሽ ቀደምኳችሁ።»

ታውቅ ነበር።
ጆሮዋ መጮህ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ።
«ሰው ስምሽን እያነሳ ይሆናል» አልኳት፣
ሌላ ቃል አጥቼ።

የካቲት ላይ ቆጣሪ ጎደለና ዋሻው ውስጥ ይዛኝ ገባች።
እኔ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣
እሷ ሁለት መቶ ዘጠኝ።
ጽፋ ሰረዘች።
«እንደገና» አለች በከንፈሯ ብቻ፣
ለቭላስቲሚል እንደምታነሳውም ጣቷን አነሳች፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ገላዬ ሁሉ እንደ ልማዱ ያንን ፍንዳታ ጠበቀ።
እዚህ ግን ከአራት ቀጥሎ የሚፈነዳ የለም፤
አምስት ነው የሚከተለው።
ስድስት።